ለግቢዬ የትኛውን የእሾህ ተክል ልትከል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ይህ ዓምድ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ግቢ አያያዝ ከአንባቢያን የሚደርሱ ጥያቄዎች የሚስተናገዱበት ሲሆን፣ በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሁሉም የሚያተኩሩት ሌባና አውሬ እንዳይገባ በእሾሃማ ተክል ስለ ማጠር ነው። የብሎኬት፣ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ ወላጆቻችንና አያቶቻችን ያውቁት ወደ ነበረው ሕያው አጥር መመለስ የሚደገፍ ሐሳብ ነው። ሆኖም የእሾህ አጥር በማስተዋል ካልተመረጠና በወጉ ካልተያዘ፣ ሌባውን ትቶ ልጆችን፣ ከብቶችንና ጎረቤትን የሚጎዳ ይሆናል። ስለዚህ የተክሎቹን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳታቸውንም ሳንደብቅ ለመመለስ ሞክረናል።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬን አስቀድሜ የምጽፈው ከሱሉልታ ነው። ግቢዬ በሦስት ጎኑ በሽቦ ብቻ የታጠረ በመሆኑ ባለፈው ክረምት ሌቦች ሽቦውን ቆርጠው ገብተው የውኃ መሳቢያ ሞተርና ሁለት በጎች ወሰዱብኝ። የድንጋይ አጥር ለማሠራት አቅሜ አይፈቅድም። ሌባ የማያልፈው እሾህ የትኛው ነው? እንዴትስ ይተከላል?

መልስ፦ የደረሰብዎ ጉዳት አሳዝኖናል። ጥያቄዎን በቀጥታ ለመመለስ፣ ገጀራና በቂ ጊዜ ያለው ሰው ፈጽሞ የማያልፈው ተክል የለም። የእሾህ አጥር ሥራው ሌባውን ማዘግየትና ማጋለጥ ነው። ሌባ ቶሎ ገብቶ ቶሎ መውጣት ይፈልጋል፤ የሰረቀውንም ተሸክሞ መውጣት አለበት። ጥቅጥቅ ባለ እሾህ ውስጥ በግ እየጎተቱ ወይም ሞተር ታቅፈው ማለፍ አይቻልም፤ እቆርጣለሁ ቢልም ጊዜ ይወስድበታል፣ ድምፁ ይሰማል፣ የቆረጠውም ሲነጋ ይታያል። ከዚህ የተነሣ ተክል ሲመርጡ መጀመሪያ ሊያዩት የሚገባው የእሾሁን ርዝመት ሳይሆን ተክሉ ከመሬት ጀምሮ ምን ያህል ተጠጋግቶና ተጠላልፎ እንደሚያድግ ነው። ሦስት ሜትር የሚረዝም አጥር ሥሩ ከተራቆተ ሰው አጎንብሶ ያልፍበታል። በአዲስ አበባ በፈረንጅ ጥድ በታጠሩ ብዙ ግቢዎች የሚታየው ይኸው ነው፤ ጥዱ ሲያረጅ የታችኛው ቅርንጫፉ ይደርቃል፣ ካረጀው እንጨት ላይም ዳግመኛ ስለማያቆጠቁጥ ቀዳዳው ተከፍቶ ይቀራል።

እንደ እርስዎ ላለ ቀዝቃዛ ደጋ በመጀመሪያ የምንመክረው ኮሽምን ነው። በአገራችን በዚህ ስም የሚጠሩት ሁለት ዘመዳሞች ናቸው። አንደኛው በደጋና በወይና ደጋ ደኖች ዳርቻ በራሱ የሚበቅለው የአገር ተክል ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልዱ ከደቡብ አፍሪካ የሆነና በአዲስ አበባ የቆዩ ግቢዎች ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ነው። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸው አይረግፍም፤ ሁለቱም ሲቆረጡ ከሥራቸው አጥብቀው ያቆጠቁጣሉ። የደቡብ አፍሪካው እሾህ እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ቅርንጫፎቹም እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ በደንብ የተያዘ የኮሽም አጥር ውሻም ሆነ ዶሮ የሚሾልክበት ክፍተት አይተውም። ሆኖም ከባድ ውርጭ በሚወርድበት ቦታ ለጋ ችግኙ ሊጎዳ ስለሚችል፣ በሱሉልታ ሜዳ ላይ በአካባቢዎ ከበቀለው የአገር ኮሽም ዘር ቢያፈሉ ይሻላል። ፍሬው ኮምጣጣ ቢሆንም ጥሩ ማርማላታ ይወጣዋል። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆኑ ሁሉም ዛፍ ፍሬ እንዲያፈራ አይጠብቁ፤ ለአጥርነቱ ግን ሁለቱም እኩል ያገለግላሉ።

ከኮሽሙ ጋር ቀጋ ቀላቅለው ቢተክሉ አጥሩ ይበልጥ ይጠነክራል። ቀጋ ከ1900 ሜትር በላይ ባሉ ደጋዎቻችን የሚበቅል፣ ብርዱን የለመደ የዱር ጽጌረዳ ነው። እሾሁ አጭርና ወደ ታች የተቆለመመ ስለሆነ ልብስና ቆዳ ይዞ አይለቅም፤ ረጃጅም ቅርንጫፎቹም ጎንበስ እያሉ የኮሽሙን ክፍተት ይሞላሉ። ነጭ አበባው ንብ ይስባል፤ ቀይ ፍሬውን የገጠር ልጅ ሆኖ ያልበላ የለም።

ስለ ቀንጠፋ ደግሞ ብዙ ሰዎች ስለሚጠይቁን አንድ ነገር እንበል። ቀንጠፋ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ እሾህ ያለው፣ በሌላ ተክል ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደርን ያየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ንጉሡ ከመዝመቱ በፊት በየአቅጣጫው ያለው ቀንጠፋ እንዲቆረጥ አዋጅ ይነገር እንደ ነበር ጽፏል፤ ፈረሰኛውንም እግረኛውንም ልብሱን ይዞ የሚያስቀር ተክል ስለነበረ ነው። ሠራዊት ያስቸገረ ተክል ሌባም እንደሚያስቸግር ግልጽ ነው። ነገር ግን ቀንጠፋ የተደገፈበትን ተክል ሸፍኖ የሚያዳክም ስለሆነና ለመከርከምም እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ለትንሽ የከተማ ግቢ አንመክረውም። በገደል ጠርዝ ወይም ሰው በማይደርስበት የእርሻ ዳርቻ ግን ወደር የለውም።

አተካከሉን በተመለከተ፣ ከጥር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከደረሰ ፍሬ ዘሩን አውጥተው፣ አጥበውና በጥላ ሥር አድርቀው ሳይቆዩ በፕላስቲክ ከረጢት ያፍሉ። ክረምቱ ገብቶ መሬቱ በደንብ ሲርስ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ገደማ፣ ከወሰንዎ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ገብተው ቦይ ይቆፍሩ። የቦዩ ስፋት 60፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን በቂ ነው፤ ከወጣው አፈር ጋር የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለው ይመልሱት። ችግኞቹን በሁለት ረድፍ፣ በመካከላቸው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተዉ፣ የአንዱ ረድፍ ችግኝ በሌላው ረድፍ ክፍተት ትይዩ እንዲሆን አድርገው ይትከሉ። አሁን ያለዎትን ሽቦ አይንቀሉት። ይልቁንም ቦታው ከፈቀደ ሽቦው በሁለቱ ረድፎች መካከል እንዲውል አድርገው ቢተክሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅርንጫፎቹ ስለሚውጡት ሽቦውን ለመቁረጥ የሚመጣ ሰው በቅድሚያ እሾሁን መቁረጥ ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ አጥብቀን የምንነግርዎ ግን የመጀመሪያውን ግርዘት ነው። ችግኙ እስከ ጉልበት ሲደርስ ሰው ሁሉ እንዲረዝምለት ስለሚፈልግ መቁረጥ ይሳሳል። እርስዎ ግን ጨክነው ከመሬት 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቁረጡት። ጫፉ የተቆረጠ ችግኝ በአንድ ግንድ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ከሥሩ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። እንደ ገና አንድ ክንድ ያህል ሲጨምር ግማሹን ይቁረጡት፤ ይህንንም አጥሩ የሚፈልጉት ቁመት እስኪደርስ ይቀጥሉ። ሲከረክሙም የአጥሩ ታች ከላይኛው ሰፋ እንዲል ያድርጉ፤ ላዩ ከሰፋ ታችኛው ቅጠል ፀሐይ አጥቶ ይረግፋል፣ የሚያስፈራዎት ቀዳዳም የሚከፈተው በዚያ ነው። በዚህ ዓይነት የተያዘ ኮሽም በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ይዘጋል። ቁመቱን ከሰው ቁመት ብዙም ባያሳልፉት ይመረጣል፤ ከመጠን በላይ የረዘመ አጥር ሌባውን ከጎረቤት ዓይን ይሰውረዋልና።

ጥያቄ፦ የምኖረው በድሬዳዋ ከተማ ዳርቻ ሲሆን ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ጎረቤቴ ቅንጭብ ትከል፣ ውኃም አይፈልግም ይለኛል። ሌላ ሰው ደግሞ ከአፋር በኩል የመጣውን፣ በፍጥነት የሚያድገውን እሾሃም ዛፍ ዘር ላምጣልህ ብሎኛል። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለተኛውን በፍጹም እንዳይተክሉት። ዘሩን ላምጣልህ የተባሉት ዛፍ በሳይንሳዊ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለው መሆኑን ከገለጻዎ መረዳት ይቻላል። ይህ ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ በስፋት ተተክሎ፣ ኋላ የአዋሽን ተፋሰስ ተከትሎ የአፋር አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት የወረረ ነው። ከብቶች ጣፋጭ ፍሬውን ይበሉና ዘሩን በእበታቸው በየደረሱበት ይዘሩታል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ለአንድ ግቢ ጥበቃ ተብሎ የተተከለ አንድ ረድፍ ለአካባቢው ሁሉ ዕዳ ሊሆን ይችላል። የወፍ ቆሎንም በዚሁ ዐይን ቢያዩት ይገባል፤ አበባው ቢያምርም ፍሬውን ወፎች እየበሉ በየሜዳው ይዘሩታል፣ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል።

ቅንጭብ የአገሩን አየር የለመደ፣ በሐረርጌና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ከጥንት ጀምሮ አጥር የሆነ ተክል በመሆኑ ጎረቤትዎ ያለ ምክንያት አልመከሩዎትም። ቅርንጫፉን ቆርጦ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ሥር አቆይቶ መትከል ብቻ ይበቃል፤ ከብትና ፍየልም አይበሉትም። ነገር ግን ቅንጭብ እሾህ የለውም፤ የሚከላከለው በነጭ ወተቱ ነው፣ ይህም ወተት ዓይን ውስጥ ሲገባ ከባድ ሕመምና እብጠት ያስከትላል፣ ማየትንም ሊያውክ ይችላል። የቁልቋልም ወተት እንዲሁ አደገኛ ነው። ልጆች ቅርንጫፉን እየሰበሩ መጫወት የሚወዱበት ዕድሜ ላይ ስለሆኑ፣ ልጆችዎ እስኪያድጉ ድረስ ቅንጭብን በመኖሪያ ቤትዎ ዙሪያ ባይተክሉ እንመርጣለን። ቀድሞውኑ የተከላችሁ ሌሎች አንባቢዎቻችን ደግሞ ስትቆርጡ መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ወተቱ ዓይን ከነካ ሳታሹት ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ለእርስዎ የሚሻለው ቁርቁራ ነው። በሙቀትና በድርቅ አይበገርም፤ እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው የተቆለመመ ስለሆነ በአንዱ የተወጋ ሰው እጁን ሲስብ በሌላው ይያዛል። ዛፍ እንዳይሆን ከታች እየቆረጡ በቁጥቋጦነት ከያዙት ጥሩ አጥር ይሆናል፤ ፍሬው ይበላል፣ አበባውም ለንብ ይጠቅማል። በለስን ያስቡ እንደሆነ፣ ጠንካራ አጥር መሆኑን በትግራይና በሐረርጌ ያለው ሕዝብ ያውቃል፤ ይሁንና ለዓይን የማይታዩት ጥቃቅን እሾሆቹ ከልጆች ቆዳ ውስጥ ለማውጣት እጅግ ያስቸግራሉ። በተጨማሪም በትግራይ ለቀለም ምርት ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ከቁጥጥር ወጥቶ በለሱን ክፉኛ ስለጎዳው፣ ችግኝ ወይም ቅጠል ከሌላ ቦታ ሲያመጡ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ያለበትን እንዳይቀበሉ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዙሪያ የማንጎና የፓፓያ ማሳ አለኝ። ሌሊት ከርከሮ፣ ቀን ደግሞ ጦጣ አስቸግረውኛል። አጋም ቢተከል ያግዳቸዋል?

መልስ፦ ከርከሮውን ያግዳል፣ ጦጣውን አያግድም። ጦጣ በማንኛውም አጥር ላይ ይዘላል፤ እንዲያውም የሚበላ ፍሬ ያለው አጥር ይስበዋል። ለእርሱ መፍትሔው ፍሬው በሚደርስበት ወቅት የሚጠብቅ ሰውና ውሻ ነው።

አጋም ግን ለእርስዎ አካባቢ ከምናውቃቸው ሁሉ የላቀ ነው ብንል አላጋነንንም። ቅርንጫፉ ጠንካራ ነው፤ እሾሁ ሹልና የማይሰበር ነው፤ ድርቅ ይችላል፤ ቅጠሉ አይረግፍም፤ ነጭና ሮዝ አበባው ግቢውን በመዓዛ ይሞላል፤ ጥቁር ፍሬውን ልጅም አዋቂም ይበላዋል። ጉድለቱ በዝግታ ማደጉ ነው፤ የእርስዎን ማሳ እስኪዘጋ አምስት ዓመት ቢፈጅ አይደነቁ። እስከዚያው ድረስ የኮርች ጉማጅ እንደ ችካል እየተከሉ ሽቦ ቢወጥሩበት፣ ጉማጁ ሥር ሰድዶ ስለሚለመልም ምስጥ የማይበላው ምሰሶ ይሆንልዎታል፣ አፈሩንም በናይትሮጅን ያዳብራል። ከርከሮ በአፍንጫው ቆፍሮ በሥር የሚገባ እንስሳ በመሆኑ፣ በአጥሩ የውጭ ጎን ትልልቅ ድንጋይ ይደርድሩ። የአጋም ዘር ከደረቀ በኋላ የመብቀል ኃይሉ ቶሎ ስለሚደክም፣ ፍሬውን በለቀሙበት ሳምንት ቢዘሩት ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። በወሰኔ ላይ የተከልኩት ቀጋ ወደ ጎረቤቴ ግቢ ዘልቆ ልጃቸውን ስለወጋው ተቀያይመናል። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ሀብት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን ማስቸገርም ሆነ መጉዳት እንደማይገባው ይደነግጋል። ስለዚህ ወደ እርሳቸው የዘለቀውን ቅርንጫፍ የመቁረጡ ኃላፊነት የእርስዎ እንደሆነ አድርገው ይውሰዱት። ወደ ቀበሌም ሆነ ወደ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ በዚህ ሳምንት ይሂዱና ይቅርታ ይጠይቁ፤ በእርሳቸው በኩል ያለውንም ራስዎ ይከርክሙ። የቆረጡትን እሾህ መንገድ ላይ አይጣሉ። ልጁ በጥልቀት ተወግቶ ከሆነ የቲታነስ ክትባቱ እንዲታይለት ያሳስቡ፤ ወጪውንም ቢሸፍኑ መልካም ነው። አብሮ የሚኖር ጎረቤት በሌሊት ሲጮኹ የሚደርስልዎ ሰው ስለሆነ፣ እርሱን አስቀይሞ የሚቆም አጥር ለጥበቃዎም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። በቢሾፍቱ ቤት አሠርቼ የሚኖርበት ስለሌለ፣ ገንዘብ ልኬ ዙሪያውን በቦገንቪልና በእሾህ ላስተክለው አስቤአለሁ። ሰው ሳይኖርበት ቤቱን ይጠብቅልኛል?

መልስ፦ ተክሉን በገንዘብ ማስተከል ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት እንክብካቤ ግን በአንድ ጊዜ ክፍያ መግዛት አይቻልም። በቢሾፍቱ ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ለጋ ችግኝ በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ ውኃ ይፈልጋል፤ የሚዞሩ ፍየሎች እንዳይግጡትም በደረቅ የግራር እሾህ መከለል አለበት። የደረቀው ችግኝ በቀጣዩ ክረምት ካልተተካ በመካከል የሚቀረው ክፍተት ለሌባ በር ይሆናል። ስለዚህ ለተከላው ከሚልኩት ገንዘብ ይልቅ ለሚከታተለው ሰው የሚመድቡት ወርኃዊ ክፍያ ይበልጣል። በአካባቢው የሚኖር የሚያምኑት ዘመድ ወይም አትክልተኛ ይምረጡ፤ በየወሩም ከአራቱም ማዕዘን ፎቶግራፍ እንዲልክልዎ ይስማሙ።

ቦገንቪል ሲያብብ የሚያምርና እሾሃም ቢሆንም፣ ድጋፍ የሚሻ ሐረግ መሰል ተክል ስለሆነ ብቻውን አጥር አይሆንም። በግንብ ወይም በሽቦ አናት ላይ ሲሰድዱት ለመውጣት የሚሞክርን ሰው ይከለክላል፤ ታችኛውን ክፍል ግን ባዶ ይተወዋል። ስለዚህ ከታች የደቡብ አፍሪካውን ኮሽም ያስተክሉ፤ ቢሾፍቱ ወይና ደጋ ስለሆነ በደንብ ይይዛል። ቦገንቪሉን ለፊት ለፊቱ ብቻ ይተዉት። በመስኮቶቹ ሥርም ከአንድ ሜትር የማይበልጥ ጽጌረዳ ወይም አጋም ቢተከል ጠቃሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ከረዘመ ግን መስኮት የሚሰብረውን ሰው ይጋርደዋል።

በመጨረሻም በሩን ያስቡበት። ሰው የሌለበት ቤት አጥር የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ መግቢያው በላላ ቆርቆሮና በአንድ ጓጉንቸር የተዘጋ ከሆነ ሌባው እሾሁን ሳይነካ በዚያው ይገባል። ለተከላው ካሰቡት ገንዘብ በቅድሚያ የበሩን ምሰሶዎች በሲሚንቶ ያስተክሉ፤ ኮሽሙም ምሰሶዎቹን እስኪነካ ድረስ ተጠግቶ እንዲተከል ለአትክልተኛው አስቀድመው ይንገሩት፤ በበርና በአጥር መካከል የሚቀር አንድ ክንድ ክፍተት ሁሉንም ድካም ከንቱ ያደርገዋልና።